ሰው ቤት የሚያስገባ ጌም

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኮምፒውተሩን ነው። ባለቤቴ በሾፌርነት ይሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃዎቹን በጨረታ ሲሸጥ፣ ማንም ያልፈለገውን እሱ ወስዶ ቂርቆስ ወዳለው ቤታችን አመጣው። ጀርባው ያበጠ፣ ሲበራ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ነገር ነበር። የልብስ ስፌት መኪናዬን ወደ ጥግ ገፍቶ ቦታ አበጀለት። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ የሰው ልብስ እየጠገንኩ ነው የምውለው፤ መኪናዬ ሲነካ ደስ አይለኝም።

"መሥሪያ ቤት የጣለውን ነገር ምን ብለህ ታስገባለህ? የሰው ምስጢር ቢኖርበትስ?" አልኩት።

"አጥፍተውታል። የቀረው አንድ ጌም ብቻ ነው።"

"ሁሉን አጥፍተው እሱን ለምን ተዉት?"

ባለቤቴ ጫማውን አወለቀና ጋደም አለ።

ልጃችን ያኔ ትንሽ ናት፤ እንግሊዝኛ ፊደል እየቆጠረች ማንበብ የጀመረችበት ጊዜ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ኮምፒውተሩ ፊት ትቀመጣለች። ሌሎች ልጆች የሚጫወቱትን ጌም አውቀዋለሁ። ካዛንቺስ እህቴ ጋ ስሄድ መንገዴ ላይ ጌም ቤት ነበር፤ ኳስ ነው፣ ተኩስ ነው፣ ጩኸቱ እስከ አስፋልቱ ይሰማል። ይሄኛው ግን ጸጥ ያለ ነው። ልጅ ሲጮህ አልደነግጥም። ዝም ሲል ነው ከመቀመጫዬ የምነሳው።

ጌሙ እንዲህ ነው። ባርኔጣ ያደረገ አንድ ሰውዬ ባቡር የማይመጣበት ጣቢያ ላይ ይቆማል። ዝናብ ይዘንባል። የጣቢያው ሰዓት ቆሟል፣ የከተማው ሰው ቤቱን ዘግቶ ተቀምጧል። ሰውዬው ሰዓቱን ካላስነሳ ባቡሩ አይመጣም፣ ባቡሩ ካልመጣ ደግሞ አገሩ አይገባም።

"ባቡር የማይመጣ ከሆነ እሱ በምን መጣ?" ብዬ ጠየቅኳት።

"እማዬ፣ ዝም ብለሽ እዪ።"

አየሁ። ሰውዬው ባለቤቱ የሌለበት ቤት ይገባል። መሳቢያ ይከፍታል። ምንጣፍ ያነሳል። ጽዋ ያያል፣ ገመድ ያያል፣ የሞተ ሰው መነጽር ያያል፤ ሁሉንም ኪሱ ውስጥ ይከታል። አንድ ነገር በነካ ቁጥር ከራሱ በላይ ጽሑፍ ይወጣል።

"ምን ይላል?"

"'ይሄ የኔ አይደለም' ይላል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ይወስደዋል።"

ባለቤቴ አልጋው ላይ ሆኖ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ያልሳቅኩበት ምክንያት አለኝ። ግቢያችን ውስጥ ብዙ ቤት አለ፤ ቧንቧውም የልብስ ገመዱም የጋራ ነው። ሁሉም ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው፤ ቀን ቀን የማልጠፋው እኔ ነኝ። ስለዚህ ቁልፍ የሚቀመጠው እኔ ጋ ነው። በሬ አጠገብ ግድግዳው ላይ ምስማር መትቻለሁ፤ ለእያንዳንዱ ቁልፍ የየራሱን ቀለም ክር አስሬለታለሁ። ልጁ ቀድሞ የመጣ፣ ዝናብ ልብሱን ሊያበሰብስበት የደረሰ፣ ይደውላል ወይም ልጅ ይልካል፤ እኔ እከፍታለሁ። ቤቱ ባዶ መሆኑን እያወቅኩ እንኳ በሩ ላይ ቆሜ "ቤቶች" ሳልል ቁልፉን አልከትም። ገብቼ የታዘዝኩትን ብቻ አደርጋለሁ። ዓይኔንም እጠብቃለሁ። እንዲህ የኖርኩ ሴት ልጄ ሰው ቤት መፈተሽ ስትማር ሳይ ምን ብዬ ልሳቅ?

ኮምፒውተሩ አንድ ቀን ጢስ ጢስ ብሎ ሞተ። እፎይ አልኩ። ልጄ አድጋ፣ ኮሌጅ ጨርሳ፣ ደምበል አካባቢ ቢሮ ተቀጠረች። በመጀመሪያው ዓመት ላፕቶፕ ገዛች። አንድ ቀን ሻይ ላቀብላት ስገባ ባርኔጣ ያደረገው ሰውዬ በዝናብ ውስጥ ቆሟል።

"ይሄ ሰውዬ አልሞተም እንዴ?"

"ሰዎች ለአዲስ ኮምፒውተር እንዲሆን አስተካክለውት ነው እማዬ።"

"ማን ከፍሏቸው?"

"ማንም። ስለሚወዱት ነው።"

ሰው በነፃ የሚደክምበትን ነገር አላምንም። እሷ ግን ሻይዋን እየጠጣች አሠራሩን ነገረችኝ። ጌሙን የሠሩት ጥቂት ጓደኛሞች ናቸው አለች፤ አንዱ ይሥላል፣ አንዱ ንግግሩን ይጽፋል፣ አንዷ ድምፅ ትቀርጻለች። የዚያን ዘመን ኮምፒውተር ብዙ ሥዕል መሸከም ስለማይችል እያንዳንዱን ቤት በትንንሽ ነጥብ፣ እንደ ጥልፍ እየቆጠሩ ነው የሣሉት። ዝናቡ ደግሞ ዝናብ አይደለም። መጥበሻ ላይ የሚንጣጣ ዘይት ነው።

"ዘይት?"

"ስሚው እስኪ።"

ሰማሁት። እውነትም ዘይት ነው። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ዝናብ እየመሰለኝ ልብስ ልሰበስብ ስንት ጊዜ ብድግ ብያለሁ። የተታለልኩ መሰለኝ፤ ግን ደግሞ ጆሮዬን አላነሳሁም።

"ታዲያ ይሄን ያህል ዓመት ምኑ ነው የሚወደደው? ሰውዬው እንደሆነ ያው ነው፣ መጨረሻውንም ታውቂዋለሽ።"

"አያስቸኩልም፣ በቃ። ብትሳሳቺ አትሞቺም። አንድ ቦታ ላይ የፈለግሽውን ያህል ብትቆሚ ማንም ምን ትሠሪያለሽ አይልሽም። ማለቴ... ደግሞ ምንም ነገር ስትነኪ መልስ ይሰጥሻል። የማይረባ ድንጋይ እንኳ ብትነኪ የሆነ ነገር ይላል። የሠሩት ሰዎች ይሄን ሴትየዋ ትነካዋለች ብለው አስበውልሻል ማለት ነው።"

ደስ የሚል ነገር ነው የተናገረችው። ያን ጊዜ ግን የሰማሁት "ማንም ምን ትሠሪያለሽ አይልሽም" የሚለውን ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ የመጣው። እህቴ የኖረችበት የካዛንቺስ ሰፈር ፈርሶ እሷ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ከገባች ቆይታለች። ቤቶቹ ከመፍረሳቸው በፊት ከወረዳ የመጡ ሰዎች ሜትርና ስልክ ይዘው በር በር እያሉ ፎቶ ሲያነሱ ነበር። ክፉ አልተናገሩም፤ ሻይ ተጋብዘው ጠጥተው ነው የሄዱት። ከፎቶው በኋላ ግን ግድግዳው ላይ ቀለም ተቀባ፣ ከቀለሙ በኋላ የጭነት መኪና መጣ። ይሄንን የግቢያችን ሰው ሁሉ አይቷል፣ ሰምቷል። ስለዚህ እኛ ጋ አንድ ሰው ስልኩን ወደ በር ካነሳ ወሬ ይቆማል።

ልጄ ደግሞ በየቅዳሜው በር ፎቶ ማንሳት ጀመረች።

የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት። ለገሃር ልብስ ትነግዳለች፤ በዕድሜ ትንሽ ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። ቁልፏ ከምስማሮቹ የመጀመሪያው ላይ ነው የሚሰቀለው፣ ክሩም ቀይ ነው። ቧንቧው ጋ ጄሪካን እየሞላን ሳለ አጎንብሳ፣ ወሬዋን ከውሃው ጋር አብራ እያወረደች፣

"ልጅሽ ሥራ ቀየረች እንዴ?" አለችኝ።

"የለም፣ እዚያው ደምበል ናት።"

"አይ፣ የእኔን በር በዚህም በዚያም ስታነሳው ነበር። ማጠፊያውን ደግሞ እየከፈተች እየዘጋች ድምፁን ቀዳችው።"

"ድምፁን?"

"ድምፁን። በሬ ምን ብሎ ይመሰክርብኝ ይሆን ብዬ ነው።"

"ለጨዋታ ይሆናል፣ እትዬ።"

"ይሁን። የእኔ እናት፣ ጨዋታ ከሆነማ ጥሩ።"

ሞልቶ የፈሰሰውን ጄሪካኗን አንስታ ሄደች። ለልጄ ጥብቅና ቆሜ ስመለስ እኔው ራሴ አላመንኳትም። ልጄ በሯን ዘግታ በእንግሊዝኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ከአንድ ሰው ጋር ታወራለች። ማነው ስላት "አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነው፣ ይሥላል" አለች። የት ነው ያለው ስላት ናይሮቢ። ናይሮቢ ያለ ሰው የእትዬን በር ለምን ይፈልገዋል? ወጥ ልሠራ ሽንኩርት ሳቁላላም ስልኳን ምድጃው አጠገብ አስቀምጣ "እማዬ አታውሪ፣ አማስይ ብቻ" ትለኛለች። እያማሰልኩ ዘይቱ ሲንጣጣ እሰማለሁ፤ የባቡር ጣቢያው ዝናብ ትዝ ይለኛል፤ ግን ሁለቱን አላገናኘኋቸውም። ፍርሃት ሲይዘኝ የማውቀውንም እረሳለሁ።

በዚያው ሳምንት እትዬ ቁልፏን ልትወስድ መጣች።

"ልጄ ቀድሞኝ ይመጣል ብዬ ነው" አለች።

ልጇ ሐዋሳ ነው የሚማረው። ሴሚስተሩ ገና አልተጋመሰም። ሁለታችንም እናውቃለን። ከምስማሩ አውርጄ ሰጠኋት፤ እሷም ዓይኔን ሳታይ ተቀበለችኝ። ቀጥሎ የሌላው ጎረቤቴ፣ የመምህሩ ቤት ቁልፍ ሄደ። ከዚያ የግቢው በር ጥግ ያሉት ባልና ሚስት። ሁሉም ምክንያት አላቸው፣ ሁሉም ምክንያቱን ፈገግ ብለው ነው የሚናገሩት። አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ምስማሮቹ ግን ባዶ ቀሩ፤ ስሰፋ ቀና ባልኩ ቁጥር ይታዩኛል። ባለቤቴ "ጥሩ፣ ከኃላፊነት ዳንሽ" አለኝ። ዕድሜ ልኬን ከዚህ ግቢ ሰው የተቀበልኩት ነገር ቢኖር ያ ኃላፊነት ነው።

ልጄን አስቀምጬ ጠየቅኳት። ላፕቶፑን ዘጋች፣ ከፈተች፣ እንደገና ዘጋች።

"ካለቀ በኋላ ላሳይሽ ነበር" አለች።

"አሁን አሳዪኝ።"

ግቢያችን ነው። እንደዚያ እንደ አሮጌው ጌም በትንንሽ ነጥብ የተሣለ፤ ቧንቧው፣ የልብስ ገመዱ፣ የእትዬ አረንጓዴ በር ከነተላጠ ቀለሙ። አንዲት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ መሐሉ ላይ ቆማለች። ዝናብ ይዘንባል።

"ይሄ ዝናብ የእኔ ሽንኩርት ነው" አልኩ።

"ነው።"

"ልጅቷ ምን ትፈልጋለች?"

"የግቢውን ሰው ቁልፍ ሁሉ የምትይዘው ሴትዮ ጠፍታለች። ቁልፎቹ እሷ ቤት ተቆልፎባቸዋል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ደጅ ቀርቷል። ልጅቷ ሴትዮዋን ትፈልጋለች።"

"ለምንድን ነው የገደልሽኝ?"

"አልሞትሽም፣ ጠፍተሽ ነው እንጂ።"

"ቤቴን ጥዬ የት እሄዳለሁ?"

"እሱን ለማወቅ ነው የምትጫወቺው፣ እማዬ። እንኪ ማውሱን።"

ማውሱን ተቀበልኳት። ልጅቷን በግቢው አዞርኳት። የእትዬ በር ብቻ ሳይቆለፍ ቀርቶ ገርበብ ብሏል። ልጄ "ግቢ፣ ውስጥ ጃንጥላ አለ" አለችኝ። ልጅቷን በሩ ላይ አቆምኳት።

"ግቢ እንጂ።"

"ማን ጠራኝና?"

"ጌም ነው እኮ፣ ማንም አይጠራሽም።"

"እንግዲያው ደጅ እቆያለሁ።"

ልጄ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ቢሮዋ ያሉ ልጆች ሲሞክሩት ይሄን ጊዜ የግቢውን ባልዲ ሳይቀር ኪሳቸው ከተው ነበር አለች። እኔ ዝናብ ውስጥ ብዙ ቆየሁ። ጌሙም እንዳለችው አላስቸኮለኝም። ቆሜ ሳለ የእትዬን መጋረጃ አየሁት፤ በእኔ መርፌ የተሰፋው ጥጉ ሳይቀር አለ። ልጄ ይሄን ሁሉ አይታለች ማለት ነው። ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም፤ መልኩን ነው የቀየረው።

"ይሄን ማንም ከማየቱ በፊት እትዬ ታየዋለች" አልኳት።

"ገና አላለቀም።"

"እኔም ገና አላለቅኩም። ምስማሮቹን አላየሻቸውም?"

ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ በኋላ አልተከራከረችኝም።

እሑድ ከሰዓት ላፕቶፑን በነጠላ ሸፍነን እትዬ ጋ ሄድን። "ቤቶች" አልኩ። ወጣች። ላፕቶፑን አየችው፣ ልጄን አየቻት።

"ግቡ። ፈርሚ ካላችሁኝ ግን አልፈርምም" አለች።

ልጄ ሁሉንም በትሕትና አስረዳቻት። ፎቶው ለሥዕሉ ነው፣ ድምፁ ለጌሙ ነው፣ እርስዎን ሳላስፈቅድ በማንሳቴ ይቅርታ፣ ለወረዳም ለማንም አይደለም። እትዬ እየሰማች ራሷን ትነቀንቃለች፤ ያመነ ሰው አነቃነቅ አይደለም፤ ነጋዴ ዋጋ ሲሰማ እንደሚያደርገው ነው። ማውሱን ስትሰጣት ግን ተቀበለች።

እትዬ እንደ እኔ ደጅ አልቆመችም። የራሷን ቤት ገብታ ጃንጥላውን ወሰደች። የቧንቧውን ጄሪካን ወሰደች። የመምህሩን ቤት መስኮት አንኳኳች። ከዚያ ወደ እኔ ቤት ዞረች፤ በሩ ተቆልፏል። በጓሮ ዞራ፣ ጄሪካኑን ገልብጣ ላዩ ላይ ወጣች።

"በመስኮት ነው የምትገቢው?" አልኳት።

"በሩን ቆልፈሽው ጠፍተሽ የለ እንዴ?"

ገባች። ቁም ሣጥኔን ከፈተች።

"ይሄን ቀሚስ መቼ ገዛሽው?"

"አልገዛሁም። ልጄ ናት የፈጠረችው።"

"እንዲህ ያለ ቀሚስ ደብቀሽ ሰርግ በዚያ በቡኒው ትሄጃለሽ።"

ሳቀች። ልጄም ሳቀች። እትዬ የስፌት መኪናዬን ነካች፣ መቀሴን ነካች፣ አልጋው ላይ የተኛውን ባለቤቴን ነካች፤ እሱ ጌሙ ውስጥም ተኝቷል፣ አይነቃም። ከዚያ ምስማሮቹ ጋ ደረሰች። ቁልፎቹ በሙሉ እንደ ድሮው ተሰቅለዋል። የመጀመሪያው ላይ ቀይ ክር አለ።

እትዬ መሳቋን አቆመች። ቀዩን ነካችው። ከልጅቷ ራስ በላይ ጽሑፍ ወጣ። እትዬ መነጽሯን ፈለገች፤ አጠገቧ አልነበረም።

"ምን ይላል?" አለች።

"'የእትዬ ነው' ይላል" አለች ልጄ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ትተወዋለች። እርስዎ ካላዘዙ ከምስማሩ አይወርድም። እዚህ ጌም ውስጥ ቁልፍ መውሰድ አይቻልም፤ መጀመሪያ ባለቤቱን ፈልጎ ማስፈቀድ ነው።"

ልጄን ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ስክሪኑን ነበር የምታየው።

እትዬ ማውሱን አስቀመጠች። "ሌላ ሰው ያየዋል ይሄን?" አለች። ልጄ "የወደደው ሁሉ" ስትላት ተቀምጣ አሰበች፤ "እንግዲህ በሬን ቀለም ቀቢው። እንዲህ ተላጦ ነው ናይሮቢ የሚሄደው?" አለች። ናይሮቢን እኔም ልጄም አልነገርናትም። ግቢው ውስጥ ማን ምን እንደሚሰማ አሁንም አላውቅም።

ስለ ቁልፉ አንድም ቃል ሳንናገር ወጣን። ጥቂት ቀን አለፈ። አንድ ማለዳ ወደ ለገሃር ስትወጣ በሬ ላይ ቆም አለችና ቁልፍ ዘረጋችልኝ። "ያዢልኝ እስኪ" ብላ፣ መልሴን ሳትጠብቅ ታክሲ ለመያዝ ሄደች።

ክሩ የለም። በጥሳዋለች ወይም ቆርጣዋለች። ቁልፉን ገለባብጬ አየሁት። ባለፈው ሰሞን ከእሷ ቤት በኩል መዶሻ ሲመታ ሰምቼ ነበር። የበሩን ቁልፍ አስቀይራ የድሮውን ሰጥታኝ ቢሆንስ? ለይሉኝታ የተሰጠ፣ የትም የማይከፍት ብረት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ምስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ክር ግን አላሰርኩለትም። ቀኑን ሙሉ እየሰፋሁ አየዋለሁ። በሯ ቅርብ ነው፤ ሄዶ አንዴ መሞከር ነው። ማንም አያይም። የባርኔጣው ሰውዬ ቢሆን ይሞክር ነበር። እኔ ሳልታዘዝ እንኳን ሰው ቤት ልገባ የሰው በር ቀዳዳ ውስጥ ብረት ከትቼ አላውቅም። ደግሞ ባይከፍትስ? አለመክፈቱን ካወቅኩ በኋላ ከእሷ ጋር ቧንቧ ላይ እንዴት እቆማለሁ? ተውኩት። እንቅልፍ ግን ነሳኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናት፤ ከኋላዋ የታክሲ ረዳቶች "ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ" ይላሉ።

"እቴ፣ ምድጃው ላይ ድስት ጥጄ ወጥቼ ይሆን? ልቤ አላረፈልኝም። ግቢና እዪልኝ።"

ቁልፉን አወረድኩ። አረንጓዴው በር ላይ ቆምኩ። "ቤቶች" አልኩ፤ ድምፄ ለእኔም አልተሰማኝም፣ ደግሜ አልኩ። ቁልፉን ከተትኩ። ሙሉ ገባ። ስጠመዝዘው ዞረ። ማጠፊያው ልክ ጌሙ ውስጥ እንደሰማሁት ሲጥ አለ፤ በሩ ተከፈተ።

ምድጃው ጠፍቷል። እጄን አስጠግቼ ሞከርኩት፤ ቀዝቃዛ ነው። ላዩ ላይ ድስት የለም። ድስቱ ታጥቦ፣ መደርደሪያው ላይ ተደፍቶ፣ ደርቋል። የዛሬ እጥበት አይደለም። ወለሉ መሐል ላይ ቆምኩ። ጠረጴዛው ላይ ቦርሳ አለ፣ ሣጥኗ ገርበብ ብሏል፣ የታጠፈ ልብስ ተከምሯል። አንዱንም አልነካሁም። ደወልኩላት።

"ጠፍቷል፣ እትዬ። ድስትም የለ።"

"የለም?"

"የለም።"

"እንዲያው ልቤ ነው እቴ፣ ዕድሜ ነው።" አለች። "ሌላስ ምን አየሽ?"

"ምንም አላየሁም።"

"በይ ቆልፊልኝ።"

አውቃ ያደረገችው ይመስለኛል። ዛሬም ይመስለኛል፤ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አትነግረኝም። በሩን ቆለፍኩ፤ መቆለፉን ለማየት ገፋ አድርጌ ሞከርኩት። ቤቴ ገብቼ የክር ሣጥኔን አወጣሁ። ቀዩ ክር ወደ ማለቁ ነበር፤ የቀረውን ቆረጥኩና ቁልፉ ላይ አሰርኩበት።